የሩቂያ መረቅ

በዐቢይ ጾም የሥጋ መረቅ ሲሸታቸው ሌሎች ጿሚዎች ምራቃቸውን ይውጣሉ፤ እኔ ግን አፍራለሁ። ባለፈው ጾም ከሥራ ወጥቼ ወደ ቤቴ ስሄድ አንዲት ሙስሊም ሴት ደጃፏ ላይ የበግ አጥንት ጥዳ አገኘኋት። ሽታው ገና አፍንጫዬ ሲገባ ፊቴ ጋለ። ሠላሳ ዓመት የሞላኝ ሴት ነኝ፤ በዚያች ቅጽበት ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ አሰላ፣ የሰው ልጅ ታቅፌ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ነበር።

የዚያን ዓመት አባቴ ከአሰላ ወደ ጎበሳ ተዛወረ። የመንግሥት ሠራተኛ ወደ ላኩት ይሄዳል፤ እናቴም ተከተለችው። እኔ ትምህርቴ መሀል ላይ እንዳይቋረጥ ተብሎ ከአባቴ ታላቅ እህት ዘንድ ቀረሁ። ስሟ አስካለ ነው፤ ዘመድ ጎረቤቱ ግን እቴቴ ይላታል። ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች፣ ረጅምና ቀጭን፣ ንግግሯ ቁጥብ የሆነ ሴት ነበረች። በእግር በሚረገጥ የስፌት መኪና የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ስትሰፋ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ዳዊት ትድገም ወይም ክሯን ትርገም ለይቼ አላውቅም ነበር።

እቴቴ ስለ ሃይማኖት አታወራም። እናቴ ማታ ማታ አስቁማ ታስጸልየኝ ስለነበር እቴቴ ዘንድ ስመጣ የባሰ ይጠብቀኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። የጠበቀኝ ሥራ ነው። «ለማን ምን ይዘሽ ሄድሽ?» ትለኛለች እንጂ «ጸለይሽ ወይ?» ብላኝ አታውቅም። እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ እንኳ በቀጥታ ወደ ቤት አንገባም። አንዱ ቤት ሽማግሌ ታሟል፣ አንዱ ቤት ውኃ የሚቀዳ የለም። እኔ ግን በልጅ ልቤ እቴቴ እምነቷ ትንሽ ላላ ያለ ይመስለኝ ነበር። ለእኔ እምነት ማለት ረጅም ጸሎትና ብዙ ስግደት ነበር።

ቤታችን ወደ ጭላሎ በሚወጣው የኮብልስቶን መንገድ ዳር ነበር። ጠዋት ከተራራው የሚወርደው ብርድ እርሳስ አያስይዝም፤ ስድስት ሰዓት ሲሆን ደግሞ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከመንገዱ ማዶ ከድር የሚባል የጭነት መኪና ሹፌርና ሚስቱ ሩቂያ ይኖሩ ነበር። ከድር ከአቦምሳ እህል ስለሚጭን ሳምንትም ሁለት ሳምንትም ይጠፋል። ሩቂያ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ከሰዓት በኋላ እየመጣች ከእቴቴ ስፌት ትማር ነበር፤ መርፌ በሰበረች ቁጥር የምትስቅ፣ ሳቋ መንገድ ድረስ የሚሰማ ልጅ ነበረች።

ጾሙ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሴት ልጅ ወለደች። ሀናን አሏት። የሩቂያ እናት በሕይወት የሉም፤ ስለዚህ አማቷ ከሲሬ መጥተው አሥር ቀን አረሷትና ከብቶቻቸውን ጥለው ስለመጡ ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው፤ አንባቢን ግን አላስጠብቅም። ሩቂያ ከአልጋ አልነሣ አለች። አትናገርም፣ አትበላም። ልጇ ስታለቅስ የሰማች አትመስልም። ጡት ስጪ ሲሏት ትሰጣለች፤ ፊቷን ግን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው። እቴቴ የምታውቃትን ነርስ ይዛ ሄደች። ነርሷም ይህ በወላድ ላይ የሚመጣ ሕመም እንደሆነ፣ ሩቂያ ብቻዋን እንዳትሆን፣ እንድትበላና እንድትተኛ ነግራ፣ በየሳምንቱ እየመጣች ታያት ጀመር። ችግሩ አማትየዋ ነበሩ። የሕመሙን ጅማሬ አይተው ስለነበር ሲሄዱ ለእቴቴ በቁርጥ ነግረዋታል፦ «ልጅቷ ልጇን አታይም። ጂኒ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? እንዲህ ከቆየች ሕፃኗን እኔ ሲሬ እወስዳለሁ፤ እሷም ወደ አባቷ ቤት ትመለስ።» እቴቴ ሩቂያ አለመዳኗ ሲሬ ከተሰማ ሕፃኗ እንደምትወሰድ፣ ሕፃኗ ከተወሰደች ደግሞ ሩቂያ ከዚያ አልጋ እንደማትነሣ ገብቷት ነበር። ስለዚህ በሽታውን ደበቀችላት።

እኔ የማውቀው «ሩቂያ ደክሟታል» የሚለውን ብቻ ነው። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሥራዬ ሀናንን መያዝ ሆነ። እቴቴ ሕፃኗን ጠቅልላ ክንዴ ላይ ታደርግልኝና የሩቂያ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ወዳለበት ታስቀምጠኛለች። «አንገቷን ደግፊ። ዝንብ እንዳያርፍባት። እዚህ ቤት ያየሽውና የሰማሽው ደግሞ እዚሁ ይቅር» አለችኝ የመጀመሪያው ቀን። ከዚያ ነጠላዋን በሩ ላይ ሰቅላ ትገባለች። ውስጥ ከሰል ማንደጃው ላይ ድስት ተጥዷል። ከድር ለሥጋ ቤቱ ነግሮ ስለሄደ በየሁለት ቀኑ የበግ አጥንት ይመጣል።

የዚያን መረቅ ሽታ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ጾሙ ገብቷል፤ እኛ ቤት ሽሮና ጎመን ነው። እቴቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል በአፏ አይዞርም። በዚያ በባዶ ሆዷ ሰባት ሰዓት ላይ የእስላም ሥጋ ትቀቅላለች። እኛ ክርስቲያኖች እስላም ያረደውን እንደማንበላ፣ እነሱም የእኛን እንደማይበሉ አሰላ ውስጥ የአምስት ዓመት ልጅ ያውቃል። እቴቴ በሩቂያ ድስት፣ በሩቂያ ጭልፋ ሠርታ፣ እጇን በሳሙና እስከ ክርኗ ታጥባ ትወጣለች። ቢሆንም ሽታው ቀሚሷ ላይ ይቀራል። ማታ አጠገቧ ስተኛ ቀሚሷ በግ በግ ይሸታል፤ እኔም ያ ሽታ ራሱ ጾም የሚያስፈታ እየመሰለኝ ትንፋሼን ይዤ እተኛ ነበር።

አንድ ቀን ጨው ችግር አመጣ። እቴቴ በመጋረጃው ወደተከለለው አልጋ ገብታ «ድስቱ ላይ ጨው ነስነስ አድርጊ» ብላ ጠራችኝ። ሕፃኗን በአንድ እጄ ይዤ አንድ እፍኝ ጨመርኩ። ለካ እሷም ረስታው እንጂ ቀድማ ጨምራ ነበር። ቆይቶ ከመጋረጃው ጀርባ የቀጠነ ድምፅ ተሰማ። «ጨው በዛ።» ሩቂያ ናት። እቴቴ እንባዋ እየወረደ፣ እየሳቀችም ወጣች። «በዛ አለች እኮ፤ ሰማሽ? በዛ አለች» እያለች ግንባሬን ሳመችኝ። ከሩቂያ አፍ ቃል ሲወጣ በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ የመጀመሪያው መሆኑን በምን ልወቅ? ለእኔ የታየኝ ሌላ ነገር ነው። እስከ ዛሬ ጨው ያልበዛው ሰው እየቀመሰው ስለነበር ነው ማለት ነው፤ ሩቂያ ተኝታለች፤ ታዲያ የሚቀምሰው ማን ነው?

ጥርጣሬ አንዴ ከገባ መውጫ የለውም። በነጋታው ሀናን እንቅልፍ ወሰዳትና መደቡ ላይ አስተኝቻት በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁ። እቴቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ በጎን ተቀምጣለች። ማንኪያው ከሳህኑ ይነሣል፤ የሩቂያ ፊት ግን ከትከሻዋ ጀርባ ስለሆነ አይታየኝም። የሚታየኝ የእቴቴ ጉንጭ ነው። ጉንጯ ይንቀሳቀሳል። አፏ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ያላምጣል።

ወደ ደጃፉ ተመልሼ ተቀመጥኩ። «እዚህ ቤት ያየሽው እዚሁ ይቅር» ያለችኝ ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ ብዬ አመንኩ። አክስቴ ሁዳዴን ሽራ፣ ያውም የእስላም ሥጋ ትበላለች። አልተቆጣሁም፤ ፈራሁ። እቴቴን እወዳት ነበር። የምወደውን ሰው እሳት ውስጥ ሲገባ ቆሜ የማይ መሰለኝ።

የዚያን ሳምንት እሑድ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪያችን ስለ ጾም አስተማረን። እጄን አውጥቼ «እያወቀ ጾም የሻረ ሰው ምን ይሆናል?» ብዬ ጠየቅኩ። «ንስሐ ካልገባ ይኮነናል» አለና ወደ ሌላው ልጅ ዞረ። ልጁ ደግሞ «ሙሽራስ ይጾማል ወይ?» ብሎ ጠየቀ። እኔ መቆየት አልቻልኩም፤ ወጥቼ ከቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ሥር ተቀምጬ ማልቀስ ጀመርኩ።

እማማ ተዋቡ ያገኙኝ እዚያ ነው። እማማ ተዋቡ እቴቴ ያለችበት የሴቶች የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ሰብሳቢ ናቸው። ወፍራም፣ ደግ፣ ወሬ ሆዳቸው ውስጥ የማያድር ሴት ናቸው። አጠገቤ ቁጢጥ ብለው በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉኝ።

«ምን ሆነሽ ነው የኔ ልጅ? ማን መታሽ?»

«እቴቴ ገሃነም ልትገባ ነው» አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ የቀረውን በጥያቄ አወጡት። ምን እንደሠራች፣ የት እንደሠራች፣ በዓይኔ አይቼ እንደሆነ። «በዓይኔ አይቻለሁ» አልኩ። እማማ ተዋቡ አማተቡ። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ» አሉ ለራሳቸው። ለእቴቴ የሚጸልዩላት መስሎኝ ቀለል ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባል ገና አልተማርኩም ነበር።

ወሩ በገባ በአሥራ ስድስተኛው ቀን ማኅበሩ እማማ ተዋቡ ቤት ሆነ። እቴቴ እንደ ልማዷ ይዛኝ ሄደች። ዳቦው ተቆረሰ፣ ንፍሮው ቀረበ፣ ካህኑ ባርከው ወጡ። የማኅበር ሥርዓት እንዲህ ነው፤ ሲያበቃ ጽዋው ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ይሰጣል፤ ተረኛዋም ታቅፋው ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ተረኛዋ እቴቴ ነበረች። ብቅሉንና ጌሾውን አዘጋጅታ፣ ቤቱንም ግድግዳ ሳይቀር ጠርጋ ነው የመጣችው። ተነሥታ ሁለት እጇን በነጠላዋ ሸፍና ዘረጋች።

እማማ ተዋቡ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን ጽዋ ይዘው መጡና እቴቴን አልፈው ለወይዘሮ ብርቄ ሰጡ።

እቴቴ የዘረጋችውን እጇን ቶሎ አልሰበሰበችም። እስከ ዛሬ ስለዚያ ጾም ሳስብ የሚታየኝ ያ ባዶ ነጠላ ነው።

«እስኪጣራ ነው አስካለ» አሉ እማማ ተዋቡ፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው። «በልታለች የሚል ቃል ደርሶናል። አልበላሁም በይና እንስማ።»

«አልበላሁም።»

«ታዲያ በየቀኑ እዚያ ቤት ድስት የምትጥጂው ለማን ነው?» አለች ወይዘሮ ብርቄ። «ለአራሷ ነው እንዳትይ፤ ከወለደች ሰነበተች። በዚህ ጊዜ አራስ ራሷ ተነሥታ ትሠራለች። ሩቂያ ምን ሆና ነው የማትነሣው?»

እዚህ ላይ እቴቴ ዝም አለች። ከሴቶቹ ሁለቱ በየሳምንቱ ሲሬ ገበያ ገብስ ይሸጣሉ። አንድ ቃል ከተናገረች ቅዳሜ ሲሬ ይደርሳል። ይህንን እኔ አላውቅም ነበር፤ ለእኔም ለሌሎቹም ዝምታዋ «አዎ» ማለት ነበር። ነጠላዋን አስተካክላ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ማኅበሩን ያቆይልን» ብላ ወጣች። መንገድ ላይ አልተናገረችም። ቤት ስንገባ ምሳዬን ሰጥታኝ፣ ፀጉሬን ፈትታ ሠራችኝ። እጇ እንደ ሌላው ቀን ለስላሳ ነበር።

የንስሐ አባቷ በማግሥቱ መጡ። ከእቴቴ ጋር ብቻቸውን ጓዳ ገብተው ብዙ ቆዩ። ሲወጡ ደጅ ለሚጠብቁት ሁለት የማኅበር ሴቶች «እኔ ያየሁባት ጥፋት የለም» አሏቸው። ሴቶቹ ግን «ቄስ የንስሐ ልጁን ያወጣል እንዴ? ሸፈነላት እንጂ» ተባባሉ። እንዲህ ከሆነ ወዲያ ምን ይደረጋል? ሰላምታው ቀዘቀዘ። ቡና ጠጪ ብሎ በር የሚያንኳኳ ጠፋ። እቴቴ ግን ሰባት ሰዓት ሲሆን ነጠላዋን አንሥታ መንገዱን ትሻገራለች። ሰው እያያት፣ ራሷን ቀና አድርጋ ትሻገራለች።

ሚያዝያ እንደገባ አንድ ቀን እቴቴ ለቅሶ ልትደርስ የሚገባት ሰው ሞተ። መረቁን ሠርታ ጨርሳ «ዛሬ አንቺ አጉርሻት» አለችኝ። «ገና አቅም የላትም። ከመጋረጃው ጀርባ የምታይውን አይተሽ እንዳላየሽ መሆን ትችያለሽ?» እችላለሁ አልኩ።

ሩቂያ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ፊቷ ከስቷል፤ ሀናንን ግን አጠገቧ አስተኝታታለች። ማንኪያውን ሞልቼ ወደ አፏ አደረስኩ። እንዳይፈስ ዓይኔን ማንኪያው ላይ ተክዬ፣ አንድ ማንኪያ፣ ሁለት፣ አምስት ድረስ ሄድኩ። ሩቂያ ድንገት አቆመችና ፈገግ አለች።

«አንቺም ትበያለሽ እንዴ?»

«አልበላም። ጾም ነኝ።»

«አፍሽ ይሠራል። እኔ ስከፍት ትከፍቻለሽ፣ እኔ ሳኝክ ታኝኪያለሽ። እቴቴም እንደዚሁ ናት። ያልበላችውን ስታኝክ ነው የምትውለው።»

ማንኪያው እጄ ላይ ቀረ። ጉንጬን በእጄ ነካሁት። ጮክ ብዬ አለቀስኩ፤ ሕፃኗ ነቃች፤ ሩቂያም «ምን ሆንሽ?» እያለች እጄን ያዘችኝ። አይቼ እንዳላየሁ እሆናለሁ ያልኩት ከግማሽ ሰዓት በፊት ነው። ሁሉንም ነገርኳት፤ ቀዳዳውን፣ ጥዱን፣ እማማ ተዋቡን፣ ያለፋትን ጽዋ፣ የዘረጋችውን እጅ። ሩቂያ እስክጨርስ ሰማችኝ። ነግሬ ስጨርስ ሰውነቴ ቀለለኝ፤ የሷ ምን እንደሆነ አላየሁም።

ያን ዓመት ፋሲካ ዘግይቶ ስለነበር የሚያዝያ አሥራ ስድስትም ጾም ውስጥ ዋለ። ማኅበሩ ወይዘሮ ብርቄ ቤት ነው። እቴቴ ትቀራለች ብዬ ነበር፤ ሄደች፤ በሩ አጠገብ፣ ድንገተኛ እንግዳ በሚቀመጥበት ቦታ ተቀመጠች። ዳቦው ሊቆረስ ሲል በሩ ላይ ሰው ቆመ። ሩቂያ ናት። ሀናንን አዝላለች፣ ጫማዋን ደጅ አውልቃለች፣ ግድግዳውን በአንድ እጇ ይዛለች። ከወለደች ወዲህ ከግቢዋ ስትወጣ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው።

«እናቶች፣ የበላሁት እኔ ነኝ» አለች። «እሷ አልበላችም። በባዶ ሆዷ ቆማ ትቀቅላለች፣ እኔ እበላለሁ።»

እቴቴ ብድግ አለች። «ሩቂያ፣ ወደ ቤትሽ ሂጂ። ማንም አልጠየቀሽም።»

«አልሄድም እቴቴ። ይህችን ልጅ ስወልድ ልቤ አብሮ አልመጣም። ሳያት የሌላ ሰው ልጅ ትመስለኝ ነበር። ውሰዱልኝ ብያለሁ፤ በአላህ፣ ብያለሁ። ጡቴ ላይ ይዛ ያቆየቻት እሷ ናት። ዝም ያለችላችሁ ሲሬ እንዳይሰማ ብላ ነው፤ አማቴ ከሰሙ ልጄን ይወስዱብኛል። አሁን እናንተ ሰምታችኋል። ከፈለጋችሁ ንገሩ።»

ወይዘሮ ብርቄ ቢላዋውን ዳቦው ላይ እንደሰካች ቀረች። እማማ ተዋቡ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው ቆዩና ሲገልጡት ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። «ይህ ነገር ከዚህ ቤት የወጣ እንደሆነ ጽዋው ይፍረድብን» አሉ። ሲሬ ገበያ የሚሄዱትን ሁለቱን ለይተው አይተው፣ ደገሙት። ከዚያ ወደ እቴቴ ዞረው «አስካለ፣ ማሪኝ» ብለው ጉልበቷን ሊይዙ ዝቅ አሉ።

እቴቴ ክንዳቸውን ይዛ አነሣቻቸው። «እኔን ይተዉኝና እሷን አስቀምጧት። ቆማ ደክሟታል።»

ሦስት ሴቶች ለሩቂያ ቦታ ለቀቁ። አንዷ ሕፃኗን ከጀርባዋ አወረደችላት። እማማ ተዋቡ ግን ልማድ ነውና ዝም ማለት አልቻሉም። «እኛስ ከየት አመጣነው?» አሉ። «ይቺው የራስሽ ልጅ ናት አልቅሳ የነገረችኝ።» ሁሉም አየኝ። ከእቴቴ በቀር። እቴቴ ለሩቂያ ትራስ ታመቻች ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ ከኋላዋ ቀረት ብዬ ተከተልኩ። ጥቂት እንደሄድን «እቴቴ፣ እኔ ነኝ» አልኩ።

«አውቃለሁ።»

«መቼ አወቅሽ?»

«ጽዋው ያለፈኝ ዕለት። ከአንቺ በቀር እዚያ ቤት ማን ገብቶ ያውቃል?»

ያን ዕለት ፀጉሬን እንደሠራችኝ ትዝ አለኝ። «ታዲያ ለምን አልተቆጣሽኝም?»

ቆማ ጠበቀችኝ። «ለነፍሴ ፈርተሽ ነው። እናት አባቴ ከሞቱ ወዲህ ለነፍሴ ፈርቶ ያለቀሰልኝ ሰው አላውቅም። በዚህ አልቆጣም።» ትንሽ ሄድ ብላ ደግሞ ቆመች። «ለሩቂያ ግን ለምን ነገርሻት?»

ይህን እንኳ እንደ ካሳ ቆጥሬው ነበር። ጥፋቴን ያረምኩበት፣ የምመሰገንበት መስሎኝ ነበር። «እውነቱ እንዲወጣ» አልኩ።

«ሸክምሽን አውርደሽ የታመመች ሴት ላይ ጫንሽው። ገና መቆም ያልቻለችው ልጅ ግድግዳ ይዛ መጥታ ገመናዋን በሰው ፊት የዘረገፈችው በእኔና በአንቺ ምክንያት ነው። እኔ ጽዋው ቢቀርብኝ ምን እሆን ነበር? ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂያት።» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ያን ያህል ያፈርኩበት ቀን ግን በሕይወቴ የለም።

ሁለት ቀን ፈርቼ ቆየሁ። በሦስተኛው ቀን የምለውን በቃሌ ይዤ መንገዱን ተሻገርኩ። በሩ ክፍት ነው። መደቡ ላይ ያገኘሁት ግን የሩቂያን አማት ነው። ጠዋት ከሲሬ በሚኒባስ ገብተዋል። ወሬ ሰምተው ይሁን የልጅ ልጃቸው ናፍቃቸው አላወቅኩም፤ እስከ ዛሬም አላውቅም። ሀናን ጭናቸው ላይ ሆና ታለቅሳለች። ሩቂያ ጓሮ ልብስ ታጥባለች።

«አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ፤ ደህና ነሽ ልጄ?» አሉኝ። «ነይ እስቲ፣ ይህች ልጅ እምቢ አለችኝ።»

ሳልጠየቅ እንደ ልማዴ እጄን ዘርግቼ ተቀበልኳት። አንገቷን ደግፌ ትከሻዬ ላይ ሳደርጋት ወዲያው ዝም አለች። አማትየዋ ይህን አዩ። ዓይናቸው ጠበበ።

«ለምዳሻለች» አሉ ቀስ ብለው። «እውነት ንገሪኝ። እዚህ ቤት ይህችን ልጅ ሲይዛት የከረመው ማን ነው? እናቷ ናት ወይስ አንቺ?»

ውሸት መናገር ኃጢአት ነው፤ ያውም በጾም። እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ወጥቶልኝ መውጫውን ያውቀዋል። የልብስ እጥበቱ ድምፅ ከጓሮ ሲቆም ሰማሁት። ሩቂያ እየሰማች ነው። እኔም የሕፃኗን ጀርባ እየደባበስኩ፣ የምለውን ፈለግኩ።

«ሁላችንም ነን» አልኩ። ሌላ አልጨመርኩም።

ሩቂያ ገባች። እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ «አምጪያት፣ እኔ እይዛታለሁ» አለችኝ። ከእኔ ተቀብላ ደረቷ ላይ አስጠጋቻትና ጎንበስ ብላ ፊቷን እያየች አንድ ነገር በኦሮምኛ አለቻት። ሕፃኗ ጣቷን ያዘች። አማትየዋ ሁለቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ ተነሥተው ሻሻቸውን አስረው መረቅ ሊጥዱላት ከሰሉ የት እንዳለ ጠየቁ።

በቃሌ ይዤው የመጣሁት ይቅርታ አፌ ውስጥ ቀረ። በእሳቸው ፊት አንዷን ቃል ብናገር ሌላው ሁሉ ተከትሎ ይወጣል። ሩቂያ አየችኝ፤ እኔም አየኋትና ወጣሁ።

እቴቴ ስፌት ላይ ነበረች። «ይቅርታ ጠየቅሻት?» አለች ቀና ሳትል።

«አልጠየቅኳትም።»

መኪናውን በእጇ አቆመችው። «ለምን?»

«ሰው ነበር። አማቷ መጥተዋል። ማን ነው ልጅቷን የሚይዘው ብለው ጠየቁኝ።»

«ምን አልሽ?»

«ሁላችንም ነን አልኩ። ከዚያ ዝም አልኩ።»

እቴቴ ጣቷ ላይ ያለውን ክር ፈታችና አጠገቧ እንድቀመጥ ወንበሩን በእግሯ ሳበችልኝ። «ደግ አደረግሽ» አለች። ሩቂያን ይቅርታ ለመጠየቅ ከዚያ በኋላ ሰው የሌለበት ጊዜ አላገኘሁም፤ ሰኔ ላይ አባቴ መጥቶ ወሰደኝ፤ እሷም ተጠየቀች አልተጠየቀች ያስታወሰችው አይመስለኝም። በዚያ ሁዳዴ ከሥጋውም፣ ከወተቱም፣ ከቅቤውም ሃምሳ አምስቱን ቀን ተከልክያለሁ። የጾምኩት ግን ምላሴን የያዝኩባትን ያችን ቀን ብቻ ነው።